ከጣና እምቦጭ ጠቃሚ ውህድ መፈለግ፦ ከጎርጎራ ዳርቻ እስከ ጎንደር ቤተ ሙከራ

እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ በይፋ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሙ የሚነሣው ከመንቀል ጋር ነው። ተነቅሎ ዳር ላይ የሚከመረው ቅጠልና ሥር ውስጥ ምን ምን ውህድ እንዳለ መመርመር ለሚፈልግ የመመረቂያ ጽሑፍ ተማሪ ወይም የቤተ ሙከራ ባለሙያ ይህ መመሪያ ይጠቅማል። ሚዛን፣ ዋተር ባዝ፣ ስፔክትሮፎቶሜትርና የተለመደው የብርጭቆ ዕቃ ያለው የማስተማሪያ ቤተ ሙከራ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

በዚህ ሥራ ውጤት በብዛት የሚበላሸው ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ሐይቁ ዳርና ማድረቂያው ላይ ነው። የሻገተ ቅጠል ወይም ጭቃና አልጌ የያዘ ሥር በየትኛውም ውድ መሣሪያ አይታረምም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

የምትፈልጉትን መወሰን

"ያለውን ሁሉ አያለሁ" ብሎ የሚነሣ ሰው ብዙ ቀለም ዓይቶ ምንም ሳይጨብጥ ይቀራል። የምትፈልጉት ውህድ የትኛውን የተክሉን ክፍል እንደምትሰበስቡና በምን እንደምትዘፈዝፉ ይወስናል። ስቲግማስቴሮልና ቤታ ሲቶስቴሮል ቅባት ወዳድ ስለሆኑ የሚወጡት በሄክሴን ነው። ስቲግማስቴሮል ለስቴሮይድ መድኃኒቶች ማምረቻ መነሻ ሆኖ ስለሚያገለግል ዋጋ አለው። ፌኖሊክና ፍላቮኖይድ የሚባሉት የቅጠሉ ውህዶች በ80 በመቶ ኢታኖል ጥሩ አድርገው ይወጣሉ። ሺኪሚክ አሲድ ደግሞ ውኃ ወዳድ ነው፤ የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት የሆነው ኦሴልታሚቪር የሚሠራው ከእሱ ሲሆን በእምቦጭ የላይኛው አካል ውስጥም ተገኝቷል። ፌኒልፌናሌኖን ከተባሉት ለየት ያሉ ውህዶች መነሣት ከፈለጋችሁ ሥሩን አትጣሉ። የአበባው ወይን ጠጅ ቀለም የዴልፊኒዲን ወገን አንቶሳያኒን ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ በቅጠል ጀምሩ። ሥር አድካሚ ነው፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

ናሙና መሰብሰብ

ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማልዶ ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል። ቦታ ስትመርጡ የመገጭን ነገር አስቡበት። የቀሃና የአንገረብ ውኃ መገጭ ገብቶ፣ የጎንደርን እጣቢ ይዞ ነው ጣና የሚደርሰው። እምቦጭ ደግሞ ከውኃው ብረት የመምጠጥ ልማድ አለው፤ በተለይ ሥሩ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያከማቻል። ስለዚህ ከመገጭ አፍ ራቅ ካለ ቦታ ሰብስቡ፤ ወይም ሁለቱንም ቦታ ለየብቻ ሰብስባችሁ አነጻጽሩ። የሁለቱን ቦታ ቀላቅሎ መጠቀም ግን ምንም አይነግራችሁም።

የጎማ ቦቲና ረጅም የጎማ ጓንት ሳታደርጉ ውኃ ውስጥ አትግቡ፤ የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት። እምቦጩ ውስጥ ያሉት መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎችም ቆዳ ያሳክካሉ።

ትክክለኛው ተክል መሆኑን በሦስት ምልክት ታውቃላችሁ፦ እንደ ስፖንጅ ያበጠ፣ ሲቆረጥ ውስጡ አየር የሞላ የቅጠል ዘንግ፤ እንደ ላባ የተንዠረገገ ጠቆር ያለ ሥር፤ በላይኛው መልካበባ ላይ ቢጫ ነጥብ ያለው ወይን ጠጅ አበባ። ደንገል መሃል የተሰነቀረው እምቦጭ ዘንጉ ረጅምና ቀጭን ስለሚሆን ሌላ ተክል ይመስላል፤ ቁረጡትና ውስጡን ዕዩ።

አንድ ቦታ ላይ ካለ ክምር ብቻ አትውሰዱ። ቢያንስ ከአምስት ነጥብ፣ ከእያንዳንዱ ስድስት ስምንት ተክል አውጥታችሁ ቀላቅሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጂፒኤስ ነጥቡን፣ አብቦ እንደሆነና እንዳልሆነ ጻፉ። አንድ ሙሉ ተክል በጋዜጣ መሃል ጨፍልቃችሁ ለሄርባሪየም አስቀምጡ፤ በኋላ "እውነት ይህ ተክል ነበር ወይ?" ለሚል ጥያቄ መልሱ እሱ ነው።

መጠኑን ስታሰሉ እምቦጭ ከ90 እስከ 95 በመቶው ውኃ መሆኑን አትርሱ። ከ10 ኪሎ እርጥብ ተክል የምታገኙት ደረቅ ነገር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው። 300 ግራም የቅጠል ዱቄት ከፈለጋችሁ አምስት ኪሎ ንጹሕ ቅጠል ይዛችሁ ተመለሱ።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ሕይወት ያለው እምቦጭ ይዞ ጎንደር መግባት ነው። ከተማዋ የምትጠጣው የአንገረብ ግድብ ውኃ አለና። ስለዚህ ክፍሎቹን እዚያው ዳር ላይ ለዩ። ቅጠሉን፣ ዘንጉንና ሥሩን ቆርጣችሁ በየከረጢቱ ክተቱ፤ ቅጠልና ሥር የሚገናኙበትን እምብርትና ከተክል ወደ ተክል የሚዘረጋውን ገመድ መሰል ዘንግ ግን ከውኃ ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ጣሉት። ዳግም የሚያቆጠቁጠው ከእነዚህ ነው። አበባውን የምትፈልጉ ከሆነ ዘር ያልያዘውን ብቻ መርጣችሁ ታሽጎ በሚዘጋ ከረጢት ያዙ። የእምቦጭ ዘር ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ማጠብና ማድረቅ

የመጀመሪያውን ጭቃ እዚያው በሐይቁ ውኃ አስለቅቁ። ጎንደር ስትደርሱ በቧንቧ ውኃ ሁለት ጊዜ፣ በመጨረሻም በዲስትልድ ውኃ አንድ ጊዜ አለቅልቁ። መዘፍዘፍ የለም፤ ቅጠሉ ውኃ ውስጥ ባደረ ቁጥር ውኃ ወዳድ ውህዶቹ ከእጣቢው ጋር ይሄዳሉ። እጣቢውን በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልላችሁ ድፉ፤ ጨርቁ ላይ የቀረውን አቃጥሉ።

ሥር ላይ የሚሠራ ሰው እዚህ ጋ ይፈተናል። ላባ መሰሉ ሥር ደለል፣ ትናንሽ ቀንድ አውጣና አልጌ አቅፎ ይይዛል። ጥቂት ሥሮች በነጭ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ በለስላሳ ብሩሽ እየጠረጋችሁ፣ ሳህኑ ላይ ያለው ውኃ ጥርት እስኪል ድረስ እጠቡ። ይህን ያልታገሠ ሰው የአልጌ ኬሚካል "የእምቦጭ ሥር" ብሎ ይጽፋል።

ዘንጉን ለሁለት ሰንጥቃችሁ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ሳይሰነጠቅ የደረቀ ዘንግ ከላይ ደረቅ መስሎ ውስጡ ይሻግታል። ሁሉንም በሰፌድ ወይም በሽቦ ወንፊት ላይ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይደረብ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ አስጡ። በቀን ሁለት ጊዜ አገላብጡ። በበጋ ቅጠሉ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይፈልጋል። በክረምት በጥላ ለማድረቅ አትሞክሩ፤ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ኦቨን ውስጥ ክተቱት።

ፀሐይ ላይ ማስጣት ሥራ ያፋጥናል፤ አንቶሳያኒኑንና የፌኖሊኩን ከፊል ግን ያጠፋዋል። ቅጠሉ ሲደርቅ አረንጓዴነቱ ካልጠፋ ጥሩ ነው። ጥቁር ቡናማ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እርጥቡ በማዳበሪያ ታጭቆ ማደሩ ነው፤ ሙቀቱና ኢንዛይሙ ፌኖሊኩን በልተውታል። የሻጋታ ሽታ ካለው ደግሞ "ትንሽ ነው" ብሎ ለይቶ መውሰድ አይሠራም፤ ሻጋታው የራሱን ኬሚካል ስለሚያመርት ያገኛችሁት የማን እንደሆነ አታውቁም። ሙሉውን ጣሉት።

መድረቁን በጆሮም በሚዛንም አረጋግጡ። ቅጠሉን በመዳፋችሁ ስትጨብጡት ካልታጠፈና እንደ ደረቅ እንጀራ ድርቆሽ ከተንኮሻኮሸ ቀርቧል። ከዚያ ሁለት ግራም ወስዳችሁ በ105 ዲግሪ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቁ፤ የቀነሰው ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ዋናውን መፍጨት ትችላላችሁ። ለዚህ ፈተና የተጠቀማችሁበትን ሁለት ግራም አትመልሱት።

መፍጨት

ወፍጮ ቤት አትውሰዱት። ድንጋዩ ላይ የቀረው በርበሬ፣ ሽሮና የጤፍ ዱቄት ከናሙናችሁ ጋር ይቀላቀላል፤ የሽሮው ሽምብራ ሳፖኒን (ሲናወጥ አረፋ የሚያወጣ ውህድ) ስላለው ብቻውን የአረፋ ፈተናን "አለ" ሊያሰኝ ይችላል። ብረት ያከማቸ ተክል በሰው እህል ላይ መፍጨትም ነውር ነው። ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ የቡና መፍጫ ወይም ንጹሕ ሙቀጫ ተጠቀሙ። መፍጫው እንዳይግል በ20 ሰከንድ እያቋረጣችሁ ፍጩ፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉት። የላመ ዱቄት የማጥለያ ወረቀት ይደፍናል፤ ሻካራው ደግሞ ውህዱን አይለቅም። በጥቁር ጠርሙስ፣ በስምና በቀን፣ ከብርሃን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

መዘፍዘፍና ማጥለል

80 በመቶ ኢታኖል ለማዘጋጀት 833 ሚሊ ሊትር የ96 በመቶ ኢታኖል ለክታችሁ በዲስትልድ ውኃ እስከ አንድ ሊትር ሙሉት። በአረቄ የሚሞክር አይጠፋም፤ መጠኑ ከጋን ጋን የሚለያይ፣ የጌሾና የብቅል ትርፍ ያለበት ነገር ለሳይንስ አይሆንም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶ ሲቸግር ይሠራል፤ ግን ቀለም ወይም ሌላ ነገር የተጨመረበት አለመሆኑን ከላዩ ላይ አንብቡ።

100 ግራም ዱቄት በሁለት ሊትር ኮኒካል ፍላስክ ከአንድ ሊትር ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ፤ እዚህ ያዘጋጃችሁት ኢታኖል) ጋር ቀላቅሉ። የዘንግ ዱቄት ከሆነ 1.5 ሊትር አድርጉት፤ ስፖንጅነቱ ሲደርቅም አይጠፋምና ሶልቨንቱን ጠጥቶ እንደ ገንፎ ይሆናል። አፉን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍናችሁ በጨለማ 72 ሰዓት አቆዩት። ሼከር ካለ በደቂቃ 120 ዙር፣ ከሌለ በቀን አራት አምስት ጊዜ በእጅ አናውጡት። መጀመሪያ በነጠላ ጨርቅ፣ ከዚያ በዋትማን ቁጥር 1 አጥልሉ። የቀረውን አተላ በ500 ሚሊ ሊትር አዲስ ሶልቨንት ሁለት ጊዜ፣ ለ24 ለ24 ሰዓት ድገሙትና ሦስቱን አንድ ላይ አድርጉ።

ሶልቨንቱን ማትነን

ሮታሪ ኢቫፖሬተር (ሶልቨንትን በቫኪዩም የሚያተን መሣሪያ) ካለ ዋተር ባዙን 40 ዲግሪ አድርጉ፤ ፍላስኩን ከግማሽ በላይ አትሙሉ። ቫኪዩሙን በአንድ ጊዜ ከሳባችሁ አረፋው ተንደርድሮ ወደ ማቀዝቀዣው ይገባል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ አድርጉ። መብራት የመጥፋት ነገር የተለመደ ስለሆነ መሣሪያው እየሠራ ጥላችሁት አትሂዱ። ኃይል ሲቋረጥ መጀመሪያ የአየር ማስገቢያውን ክፈቱ፤ አለዚያ ቫኪዩም የሚፈጥረው ውኃ ወደ ኋላ ተስቦ የሦስት ቀን ሥራችሁ ውስጥ ይገባል።

ሮታሪ ከሌለ በሰፊ የሸክላ ወይም የብርጭቆ ሳህን፣ ከ50 ዲግሪ ባልበለጠ ዋተር ባዝ ላይ፣ በጭስ መሳቢያ ውስጥ ይተናል። ከሰል፣ ቡታጋዝ ወይም ማንኛውም እሳት በአቅራቢያው አይኑር፤ የኢታኖል ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ሄዶ እሳት ይፈልጋል። የውጭ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ሙቀትም እንዳለ አትከተሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስላለች ውኃ በ93 ዲግሪ፣ ኢታኖል በ72 ዲግሪ ገደማ ይፈላሉ፤ "78 ላይ አሞቁ" የሚለውን ያመነ ሰው ገንፍሎ ይደፋበታል።

የቀረው ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ኤክስትራክት ይባላል። በሁለት ተከታታይ ቀን ስትመዝኑት ክብደቱ ካልተለወጠ ደርቋል። የተገኘውን ክብደት ለዱቄቱ ክብደት አካፍላችሁ በ100 አባዙ፤ ከ100 ግራም 8.4 ግራም ቢወጣ ምርቱ 8.4 በመቶ ነው። በብርጭቆ ብልቃጥ 4 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ። ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጡ።

መከፋፈል

አምስት ግራም ኤክስትራክት በ50 ሚሊ ሊትር ሜታኖልና ውኃ (9 ለ 1) አሟሙ፤ በመለያ ፈነል ሦስት ጊዜ በ50 ሚሊ ሊትር ሄክሴን አጥቡት። ክሎሮፊሉ፣ ቅባቱና ስቴሮሉ ከላይ ወዳለው ሄክሴን ይወጣሉ። ከታች የቀረውን ሜታኖሉን አትንናችሁ በ50 ሚሊ ሊትር ውኃ አቅጥኑና በኢታይል አሴቴት ሦስት ጊዜ አጥቡ፤ ፍላቮኖይዱ አብዛኛው እዚህ ይመጣል። ሲናወጥ ግፊት ስለሚፈጠር በየጊዜው ቧንቧውን ከፍታችሁ አስተንፍሱ። በሁለቱ መሃል ወተት መሰል ድንበር ከተፈጠረ አትናደዱበት፤ ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ ሩብ ሰዓት ተዉት።

የቀለም ፈተናዎች

500 ሚሊ ግራም ኤክስትራክት በ50 ሚሊ ሊትር ሶልቨንት አሟሙ፤ ለእያንዳንዱ ፈተና ሁለት ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሁልጊዜ ሦስት ቱቦ አሰልፉ፦ ናሙናው፣ ሶልቨንት ብቻ ያለበት፣ ውጤቱ "አለ" እንደሚሆን የሚታወቅ ነገር። ሦስተኛውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለታኒን የሻይ ቅጠል፣ ለፍላቮኖይድ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ለአልካሎይድ ትንባሆ፣ ለሳፖኒን እንዶድ። (ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ ሲገድል ያዩት ይኸው የእንዶድ ሳፖኒን ነው።) ለአልካሎይድ ቡና የሚያስቀምጡ አሉ፤ ካፌይን ለማየር ሪኤጀንት (ለአልካሎይድ መፈተኛ) መልስ ስለማይሰጥ ያሳስታችኋል።

ለፌኖልና ለታኒን፦ ጥቂት ጠብታ 5 በመቶ ፈሪክ ክሎራይድ። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ አለ። የቅጠሉ ክሎሮፊል ራሱ አረንጓዴ ስለሆነ በሄክሴን የታጠበውን ክፍል ብቻ ተጠቀሙ። ታኒን መሆኑን ለማረጋገጥ 10 በመቶ ጨው ያለበት 1 በመቶ ጄላቲን ጨምሩ፤ ዝቃጭ ካልወረደ ፌኖል እንጂ ታኒን አይደለም።

ለፍላቮኖይድ፦ ሁለት ሦስት ቁራጭ የማግኒዚየም ሪባንና ጥቂት ጠብታ ኮንሰንትሬትድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ አለ። ናሙናው አበባ ከሆነ ማግኒዚየም የሌለበት አራተኛ ቱቦ አሰልፉ፤ አንቶሳያኒን በአሲድ ብቻ ቀይ ይሆናልና። ይህን ራሱን ለማየት አበባውን 1 በመቶ አሲድ ባለው ኢታኖል ነክራችሁ ከቀይነቱ ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ ጨምሩ። ቀዩ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ወደ አረንጓዴ ሲሄድ ቱቦው ውስጥ ታያላችሁ።

ለአልካሎይድ፦ ኤክስትራክቱን በ1 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሙ፣ አጥልሉ፣ ከዚያ ዋግነር ሪኤጀንት (1.27 ግራም አዮዲንና 2 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በ100 ሚሊ ሊትር) ጨምሩ። ቀይ ቡናማ ዝቃጭ ምልክቱ ነው። ማየር ሜርኩሪ ስላለው ለማረጋገጫ ብቻ፣ ያውም ቆሻሻው ለብቻው እየተጠራቀመ። ፕሮቲንም ዝቃጭ ሊያወርድ ስለሚችል በአንድ ሪኤጀንት ብቻ አትወስኑ።

ለሳፖኒን፦ ግማሽ ግራም ዱቄት በ10 ሚሊ ሊትር ውኃ አፍልታችሁ አጥልሉ፤ ሲቀዘቅዝ 15 ሰከንድ አናውጡ። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ አረፋ 10 ደቂቃ ከቆየ አለ። ቱቦው ላይ የቀረ ሳሙናም ይህንኑ ያደርጋል።

ለስቴሮል፦ ከሄክሴን ክፍል ጥቂት በክሎሮፎርም አሟሙ፣ አንድ ሚሊ ሊትር አሴቲክ አንሃይድራይድ ጨምሩ፣ ሁለት ጠብታ ኮንሰንትሬትድ ሰልፈሪክ አሲድ በቱቦው ግድግዳ አውርዱ። ሰማያዊ አረንጓዴ ይሆናል። ቱቦው እርጥበት ካለው ፈተናው አይሠራም፤ ክሎሮፊሉ እንዳያታልል ደግሞ አሲድ ያልገባበትን ጎን ለጎን ያዙ።

ቲኤልሲ

የቀለም ፈተና ወገኑን ይነግራል እንጂ ውህዱን አይነግርም። ቲኤልሲ (ቲን ሌየር ክሮማቶግራፊ) ውህዶቹን በሲሊካ ሳህን ላይ ነጥብ በነጥብ ይለያል። ሲሊካ ጄል 60 ኤፍ254 ሳህን ላይ ከታች አንድ ሴንቲ ሜትር በእርሳስ አስምሩ፤ እስክሪብቶ ከሆነ ቀለሙ አብሮ ይወጣል። ለስቴሮል ሄክሴንና ኢታይል አሴቴት 8 ለ 2፣ ለፍላቮኖይድ ኢታይል አሴቴት፣ ፎርሚክ አሲድ፣ አሴቲክ አሲድና ውኃ 100፣ 11፣ 11፣ 26 ተጠቀሙ። ሲደርቅ በ254ና በ366 ናኖ ሜትር ዕዩ፤ በ366 ደማቅ ቀይ የሚያበራው ክሎሮፊል ነው፣ አትደሰቱበት። ለስቴሮል ቫኒሊንና ሰልፈሪክ አሲድ ረጭታችሁ አሙቁ። 0.2 በመቶ ዲፒፒኤች (አንቲኦክሲዳንት ሲያገኘው ወይን ጠጅ ቀለሙን የሚያጣ ውህድ) ብትረጩ ደግሞ በወይን ጠጁ ላይ ቢጫ ሆኖ የሚወጣው ነጥብ አንቲኦክሲዳንት ነው።

ነጥቡ ከስቲግማስቴሮል መለኪያ ጋር እኩል ወጣ ማለት ስቲግማስቴሮል ነው ማለት አይደለም። ቤታ ሲቶስቴሮል በተለመደው ሲሊካ ላይ ከእሱ አይለይም። በዚህ ደረጃ መጻፍ የሚቻለው "ስቴሮል" ብቻ ነው።

መለካት

ጠቅላላ ፌኖሊክ፦ 0.5 ሚሊ ሊትር ኤክስትራክት (በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም)፣ 2.5 ሚሊ ሊትር አሥር ጊዜ የቀጠነ ፎሊን ሲዮካልቶ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ 2 ሚሊ ሊትር 7.5 በመቶ ሶዲየም ካርቦኔት፤ 30 ደቂቃ በጨለማ፣ ንባብ በ765 ናኖ ሜትር። በጋሊክ አሲድ የመለኪያ መስመር ላይ ንባቡ በሊትር 45 ሚሊ ግራም ቢመጣ በአንድ ግራም ኤክስትራክት 45 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ቫይታሚን ሲና ስኳርም ስለሚያነብብ ቁጥሩን እንደ ጣሪያ ውሰዱት።

ዲፒፒኤች፦ 4 ሚሊ ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል (0.1 ሚሊ ሞላር)። ሦስት ሚሊ ሊትሩን ከአንድ ሚሊ ሊትር ኤክስትራክት ጋር ቀላቅላችሁ ከ30 ደቂቃ ጨለማ በኋላ በ517 አንብቡ። 0.80 የነበረው 0.32 ከሆነ ማገጃው 60 በመቶ ነው። ኤክስትራክቱ የራሱ ቀለም ስላለው ዲፒፒኤች የሌለበት ቱቦ አንብባችሁ ቀንሱ፤ ይህን የዘለለ ሰው ጥሩውን ናሙና ደካማ ያደርገዋል።

ወደ ትልቁ መሣሪያ

ወደ ጂሲ ኤምኤስ (ውህዶችን ለይቶ ማንነታቸውን ወደሚጠቁም መሣሪያ) የሚላከው በክሎሮፊል የጨቀየው ሙሉ ኤክስትራክት ሳይሆን የሄክሴኑ ክፍል ይሁን። ስቴሮሎቹን የሚለየው ይህ ነው። ውጤቱ ሲመጣ "ፍታሌት" የሚል ስም ዝርዝሩ ውስጥ ካገኛችሁ የእምቦጭ ሀብት ነው ብላችሁ አትጻፉ፤ በብዛት የሚመጣው ከፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከቱቦና ከክዳን ነው። ለዚህ ነው ከላይ ሃይላንድ የከለከልነው። ከአንድ ባዶ የሶልቨንት ናሙና ጋር ላኩ፤ በሁለቱም የታየውን ሰርዙ።

ከዚያው ዱቄት አንድ ግራም ለብረት ምርመራ አስቀሩ፤ በ500 ዲግሪ ተቃጥሎ አመዱ በናይትሪክ አሲድ ሟሙቶ በአቶሚክ አብዞርፕሽን ይነበባል። ይህ ሳይታይ ኤክስትራክቱን ለከብትም ለሰውም አይሰጥም።

ናሙናውን ወደ ውጭ አገር ለመላክ ካሰባችሁ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዱቄትም ቢሆን። ክሎሮፎርሙና ሄክሴኑ በየራሳቸው ጠርሙስ ይጠራቀሙ፤ ወደ ቧንቧ የተደፋ ሁሉ በመገጭ ዞሮ እዚያው ጎርጎራ፣ ቀጣዩ ናሙናችሁ ውስጥ ይገባል።